ዱዓው የእሷ፣ ፍርዱ የእኛ?

ወገኖቼ፣ የወሎ ሰዎች፣ ዛሬ ላሞግሳችሁ አልመጣሁም። ስለ ደግነታችን ብዙ ተብሏል፣ ይበቃናል።

ዝናብ ሲጠፋ ጸሎተኛ እናቶቻችንን፣ ዱበርቲዎቹን ጠርተን «ዱዓ አድርጉልን» እንላለን። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አሜን ይላል። የእርሻ ድንበር ሲያጣላን ግን እነዚያው ሴቶች ጓዳ ናቸው። ቡና አፍልተው ያቀርባሉ እንጂ ፍርዱ ውስጥ የሉበትም። ፈጣሪ ይሰማታል ያልናትን ሴት እኛ የማንሰማት ማን ስለሆንን ነው?

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩን ስንቶቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ? (ወሎዬ አይደሉም፣ የኛ ናቸው ብላችሁ እንዳትሻሙ።) ስዊዘርላንድ የተማሩ ሴት ናቸው። ጣሊያን ሲወረን ከአርበኞች ጋር ተሰለፉ፣ ተይዘውም ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ላይ ታሰሩ። ከድል በኋላ የእቴጌ መነንን ትምህርት ቤት መሩ። መነን የኛዋ የአምባሰል ልጅ ናቸውና እዚህ ላይ ትንሽ ብንኮራ አይከፋም። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። ወይዘሮ ስንዱም በ1949 በሕዝብ ተመርጠው ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ይህ ሁሉ ፓርቲ በማይፈቀድበት፣ ዘውዱ ቀና ተብሎ በማይታይበት ዘመን ነው።

እሳቸው ፓርላማ ውስጥ እያሉ የወጣው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ባልን የቤቱ አለቃ አደረገው። ሴት ልጅም በ15 ዓመቷ እንድትዳር ፈቀደ። አንዲት ሴት ስንቱን ትችላለች? ያ ሕግ የተሻሻለው በ1992 ነው፣ ከ40 ዓመት በኋላ። ለመሻሻሉ ከደከሙት አንዱ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ነበር። ብዙም ሳይቆይ መንግሥት ማኅበሩን ለጊዜው አገደው። በ2001 ደግሞ የበጎ አድራጎት አዋጁ መጣና የገንዘቡን ምንጭ አደረቀበት።

ብርቱካን ሚደቅሳንም እዩ። ዳኛ ነበረች፣ ፖለቲካ ገባች። በ1998 ታሰረች፣ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባት በይቅርታ ወጣች። በ2001 እንደገና አስገቧት፣ ትንሽ ልጇን ለእናቷ ትታ። ከዓመታት በኋላ ከስደት ተመልሳ ምርጫ ቦርድን መራች።

ደሴ ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን «ወንድ ናት!» ብለን አደነቅናት። ስናደንቃት እንኳ ሴትነቷን ነጠቅናት። የሰፈራችን ሴት ለቀበሌ ምክር ቤት ልወዳደር ስትል ግን «ባል የላትም እንዴ? ልጆቿን ማን ሊያይላት ነው?» አልን።

የጨቆናቸው መንግሥት ነው ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ግን ሁሉንም በመንግሥት አታላክኩ። በቅርቡ በኩታበር በኩል አንድ ሽምግልና ላይ ተቀምጬ ነበር። ከባሏ የተፋታች ሴት የመሬት ድርሻዋን ትጠይቃለች። የይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልላ ይዛለች። የሁለቱም ስም አለበት፣ የሁለቱም ፎቶ ተለጥፎበታል። ልትናገር ስትል አንዱ ሽማግሌ «ተይ አንቺ፣ ወንድምሽ ይናገርልሽ» አሏት። ወንድሟ ደግሞ ነገሩን በቅጡ አያውቀውም። ስንት ጥማድ እንደሆነ ሲጠየቅ ዞር ብሎ እሷኑ ጠየቃት! እሷ በሹክሹክታ ትነግረዋለች፣ እሱ ጮክ ብሎ ይደግማል። ድንበሩን ሲናገር ግን ምሥራቁን ከምዕራብ አምታታው። እሷ ከኋላ ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። እኛም ጋቢያችንን ደርበን፣ ይህን ፍርድ ብለን ሰማን። ባያሳፍር ኖሮ ያስቅ ነበር።

እዚያ ካድሬ አልነበረም። ወታደርም አልነበረም። አፏን ያስያዝናት እኛው ነን፣ ያውም ደመወዝ ሳይከፈለን።

«ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የምትሉ አባቶቼ፣ ያቺ ሴት ታውቅ ነበር፣ በወንድ ግን አላለቀም። ነገሩ ተወሳስቦ ለሌላ ቀን ተቀጠረ። እናንተም እናቶቼ፣ «ሴት ልጅ አደባባይ ምን ይሠራላታል» እያላችሁ ሴት ልጃችሁን የምትቆጡት፣ ከዚህ ወቀሳ አታመልጡም።

እንግዲህ በቀጠሮው ቀን ለእሷ በርጩማ አቅርቡላት። ደብተሩን ከእጇ ተቀብላችሁ አንብቡ፣ ነገሯንም ራሷ ጀምራ ራሷ ትጨርሰው። ከሽማግሌዎቹ መካከልም ሁለት ሦስት ዱበርቲ ይቀመጡ። ወንድሟ መምጣት ከፈለገ ይምጣ፣ ቡናውን የሚያፈላ ሰው ያስፈልጋል።