ቅርንጫፍ ለሚዘጉ እጆች የቀረበ ምስጋና

በገጠር ከተሞች ያሉ ቅርንጫፎቻቸውን እየዘጉ የሚገኙ ባንኮች እስካሁን የሚገባቸውን ምስጋና አለማግኘታቸው ውለታ ቢስነት ነው። ባንክን በአንድ ቀን መዝጋት ማንም ያውቅበታል፤ ደንበኛው ራሱ እንደዘጋው አድርጎ ማቅረብ ግን ብልሃት ይጠይቃል። በመጀመሪያ ከሦስቱ የገንዘብ መክፈያ መስኮቶች ሁለቱ «ለጊዜው» ይዘጋሉ። ቀጥሎ የሥራው ሰዓት ወደ ግማሽ ቀን፣ ግማሽ ቀኑም በሳምንት ለሁለት ቀን ብቻ ይሆናል። የቀረችው አንዲት ሠራተኛ ብር ስትቆጥር፣ ስልክ ስታነሣ፣ የጠፋ ካርድ ስትመዘግብና የብድር ጠያቂ ስታስተናግድ ወረፋው ከበሩ ውጭ ይደርሳል። ወረፋው ያንገፈገፈው ሰው እግሩን ሲያሳጥር ዋናው መሥሪያ ቤት ቁጥሩን ይመለከትና «የደንበኞቻችን ፍላጎት ስለተለወጠ» የሚል ማስታወቂያ በመስታወቱ በር ላይ ያስለጥፋል። ሟች የመሞቻውን ወረቀት በገዛ እጁ እንዲፈርም ከማድረግ የበለጠ ምን ጨዋነት አለ?

ደንበኛውም ሜዳ ላይ አልተጣለም፤ መተግበሪያ ተሰጥቶታል። መተግበሪያው የማረጋገጫ ቁጥር በስልክ ይልክለታል፤ ሰውየው ኔትወርክ ፍለጋ ዳገት ወጥቶ መልእክቱን ሲያገኝ «ጊዜው አልፏል» ይለዋል። እግረ መንገዱን ስፖርት ሠርቷል፤ ለዚህም የአገልግሎት ክፍያ አልተጠየቀም። ባለሱቁ ደግሞ የቀን ሽያጩን በጉያው ሸጉጦ በጠዋቱ አውቶቡስ ወደ ሌላ ከተማ ስለሚጓዝ አገር ማየት ጀምሯል።

እ.ኤ.አ. በ1967 ባርክሌይስ ለንደን ውስጥ ኤንፊልድ ላይ የገንዘብ ማውጫ ማሽን ሲተክል፣ ሰው ባንኩ በሩን ከዘጋ በኋላም ገንዘብ እንዲያገኝ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ በገጠር ከተሞች በግማሽ ተሳክቷል፤ በሩ ተዘግቷል፣ ማሽኑም በብዙ ቦታ አብሮት ሄዷል። ብሪታንያ ራሷ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ከ6,000 በላይ ቅርንጫፎችን በመዝጋት ለተቀረው ዓለም አርአያ ሆናለች።

ይህ ሁሉ ደግነት ያልገባቸው አልጠፉም። በ2022 ካርሎስ ሳን ሁዋን የተባሉ ስፔናዊ ጡረተኛ ሐኪም «ሽማግሌ እንጂ ጅል አይደለሁም» ብለው ከ600,000 በላይ ፊርማ አሰባሰቡ፤ የአገሪቱ ባንኮችም በመስኮት የሚያስተናግዱበትን ሰዓት ለማራዘም ቃል ገቡ። አንድ አዛውንት ከሰው ጋር መነጋገርን የመሰለ ቅንጦት እንዴት እንደሚጠይቁ ለባንኮቹ እስካሁን ሳይደንቃቸው አይቀርም።

በአውስትራሊያ ደግሞ ትላልቆቹ ባንኮች ከዓመታት መዝጋት በኋላ፣ በ2025፣ በክልል ከተሞች የተረፉትን ቅርንጫፎች እስከ 2027 አጋማሽ ድረስ እንደማይዘጉ ተስማምተዋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚል ምቀኛ መቼም አይታጣም። እኔ ግን የሚዘጋው እየሳሳ ሲሄድ «አልዘጋም» ብሎ መማልን ከትልቅ ቁጥብነት እቆጥረዋለሁ፤ ቀኑም ተቆርጦ መነገሩ፣ ከዚያ በኋላ የሚለጠፈውን ማስታወቂያ ረጋ ብሎ ለማርቀቅ ይመቻል።