መጀመሪያ ቁጥሩ፣ ቀጥሎ ስብሰባው፦ ከፑጄት ሳውንድ እስከ ጣና

ሲያትልና አካባቢዋ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ሳልመን አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ የሚገዛ ዓሣ ነው። መቼ፣ የትና ምን ያህል እንደሚጠመድ በማን፣ በምን ስሌትና ከምን ክርክር በኋላ እንደሚወሰን የሚከታተል ሰው ከመካከላችን ጥቂት ነው። ነገሩ ግን ሊከታተሉት የሚገባ ነው። መንግሥት ሕዝቡን «ዘንድሮ አታጥምዱ» ከማለቱ በፊት ምን ማሳየት እንደሚጠበቅበት፣ ይህን ሁሉ እያሳየም የትኛውን በር እንደሚዘጋ በዚህ ሥራ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ጣና ላይ በየክረምቱ የሚነሣው የዓሣ ጥያቄም የዚሁ ጥያቄ ወንድም ስለሆነ ሁለቱን አስተያይቶ ማየት ይጠቅማል። የአሜሪካው ዘመንና ወር ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ከዓሣው እንነሣ። የፓስፊክ ሳልመን ወንዝ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ወደ ባሕር ይወርዳል፣ ዓመታት ቆይቶ ወደተፈለፈለበት ወንዝ ይመለስና እንቁላሉን ጥሎ ይሞታል። ባሕር ላይ ሳለ የደኅናው ወንዝ ዓሣና ሊጠፋ የደረሰው ወንዝ ዓሣ ተቀላቅለው ነው የሚዋኙት፤ መንጠቆ ደግሞ አይመርጥም። በፑጄት ሳውንድ (ሲያትል ያለችበት የባሕር ሰርጥ) ያለው፣ ቺኑክ የተባለው የሳልመን ዓይነት ከ1999 ጀምሮ የመጥፋት አደጋ ላሉባቸው ፍጥረታት በወጣው የፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ነው። ስለዚህ ከሲያትል በስተሰሜን ያለው የስቲላጓሚሽ ወንዝ ቺኑክ ካነሰ፣ ያ ዓሣ በሚያልፍባቸው ውሃዎች ሁሉ ማጥመድ ይጠብባል። ሌላ ወንዝ ዓሣ ሞልቶ እያየ «ለምን ተዘጋብኝ?» ለሚል አጥማጅ መልሱ ያለው እዚያ አንድ ወንዝ ላይ ነው። መልሱ በቁጥር ካልታየው አይቀበለውም፤ ባይቀበልም አይፈረድበትም።

የውሳኔው መንገድ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ይዘልቃል። በቅድሚያ ያለፈው ዓመት ማጥመድ በሙሉ ተቆጥሮ በሰነድ ይወጣል። ከዚያ በፌብሩዋሪ መጨረሻ ወይም በማርች መጀመሪያ የዋሽንግተን የዓሣና የዱር እንስሳት መምሪያ የዘንድሮውን ትንበያ ለሕዝብ ያቀርባል። ትንበያው በጅምላ «ዘንድሮ ጥሩ ነው» አይልም፤ ቺኑኩን፣ ኮሆ የተባለውን፣ ሌላውንም የሳልመን ዓይነት ለየብቻ፣ ወንዝ በወንዝ፣ ሰው በማፈልፈያ ያራባውንና የዱሩን ለይቶ ይዘረዝራል። በማርች የፓስፊክ የዓሣ ሀብት አስተዳደር ምክር ቤት ይሰበሰባል። ይህ በ1976ቱ የፌዴራል የዓሣ ሀብት ሕግ የተቋቋመ፣ 14 ድምፅ ሰጪዎች ያሉት አካል ሲሆን ከዋሽንግተን እስከ ካሊፎርኒያ ከጠረፉ ከ3 እስከ 200 የባሕር ማይል ያለውን ውሃ ይመለከታል። በማርች አይወስንም። ሦስት አማራጮች አዘጋጅቶ ያወጣል፣ በወሩ መገባደጃ በየጠረፉ ከተሞች የሕዝብ አስተያየት ይሰማል፣ በኤፕሪል ይመርጣል፤ የፌዴራሉ መንግሥት አጽድቆት በሜይ አጋማሽ ሥራ ላይ ይውላል። ጎን ለጎን የፑጄት ሳውንድ፣ የጠረፉ ወንዞችና የኮሎምቢያ ወንዝ ድርድር ይካሄዳል፤ በሰሜን ኦሪገን ካለችው የፋልከን ርእሰ ምድር ስሙን ወስዶ «ከፋልከን በስተሰሜን» ይባላል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ትልቁ ነገር የወረቀቱ ቅደም ተከተል ነው። የትንበያው ሰነድ ከማርቹ ስብሰባ በፊት ይወጣል። የአማራጮቹ ሰነድ ከአስተያየት መስሚያው በፊት ይወጣል። በዚያ ሰነድ ውስጥ ለእያንዳንዱ አማራጭ እያንዳንዱ ደካማ ዝርያ ምን ያህሉ እንደሚሞትበት፣ ሕግ የሚፈቅደው ጣሪያ ስንት እንደሆነና በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሠንጠረዥ ተቀምጧል። ስለዚህ ማይክራፎን የሚይዘው አጥማጅ «ግፍ ተፈጸመብኝ» ብቻ ብሎ አይወርድም። «ሁለተኛው አማራጭ በጁላይ የሰጣችሁኝን ቀናት ወደ ኦገስት ብታሻግሯቸው የዚህ ወንዝ ዓሣ አልፎ ይሄዳል፤ ጣሪያውን ሳትነኩ ቀን ትጨምሩልኛላችሁ» ማለት ይችላል። ባለሙያውም የስሌት ሞዴሉ ላይ አስገብቶ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይነግረዋል። ቁጥሩ ስብሰባው ላይ ቢታደል ኖሮ ይህ ንግግር ሊኖር አይችልም ነበር፤ ሰው ተሰብስቦ ብሶቱን አሰምቶ ይበተን ነበር።

ቁጥሩ ከየት ይመጣል? ከማፈልፈያ የሚለቀቁት የቺኑክና የኮሆ ጫጩቶች አብዛኞቹ በጀርባቸው ላይ፣ ወደ ጅራቱ ያለችው ትንሿ ሥጋማ ክንፍ ትቆረጣለች። ከፊሎቹ ደግሞ አፍንጫቸው ውስጥ 1.1 ሚሊ ሜትር የምትረዝም፣ ኮድ የተጻፈባት የሽቦ ቁራጭ ይገባላቸዋል። ፑጄት ሳውንድ ላይ ቺኑክ የያዘ ሰው በቅድሚያ የሚያየው ያችን ክንፍ ነው። ተቆርጣ ጠባሳው ከታየ የማፈልፈያ ዓሣ ነውና፣ መጠኑም ከደረሰ፣ ሊወስደው ይችላል። ክንፏ ካለች ግን እንደ ዱር ዓሣ ይቆጠራል፤ ጀልባ ላይ ሳያወጣ እዚያው ውሃው ውስጥ እንዳለ ሊለቀው ይገባል። ለመልቀቅ እንዲቀል መንጠቆው ባለ አንድ ጫፍና እሾህ የሌለው እንዲሆን ሕጉ ያዛል። እንዲያም ሆኖ ከተለቀቀው ውስጥ የሚሞት አይጠፋም፤ ስሌቱ ያንንም ይቆጥራል። አጥማጅ አንድም ዓሣ ቤቱ ሳያስገባ ወቅቱ የሚዘጋበት ጊዜ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ የተነካውና የተለቀቀው ብዛት ብቻውን ጣሪያውን ሊሞላ ይችላል። ይህን ያልተረዳ ሰው መምሪያው የሚዋሽ ይመስለዋል።

ጀልባ መውጫው ላይ የመምሪያው ቆጣሪ ይጠብቃል። ስንት ሰው ነበራችሁ? የት አጠመዳችሁ? ስንት ያዛችሁ፣ ስንት ለቀቃችሁ? ብሎ ይጠይቃል፣ ዓሣውን ይለካል፣ መፈተሻ መሣሪያውን አፍንጫው ላይ ያሳልፋል፤ ሽቦው ካለ አፍንጫውን ቆርጦ ይወስዳል። ላቦራቶሪ ኮዱን በማይክሮስኮፕ ሲያነብ ዓሣው የየትኛው ማፈልፈያ፣ የየትኛው ዓመት እንደነበር ይታወቃል። አጥማጁም የያዘውን ሳልመን እዚያው ወዲያው በመመዝገቢያ ካርዱ ላይ በብዕር ይጽፋል፤ የዓመቱን ካርድ እስከ ኤፕሪል 30 ሪፖርት ያደርጋል። ወቅቱ ሲከፈት ግምቱ በየጊዜው ይፋ ይሆናል፤ ኮታው ሲቃረብ የመዝጊያ ማስታወቂያ ከነምክንያቱ ይወጣል። የማስታወቂያው ቀን አጭር ስለሚሆን ቅሬታ መኖሩ አይቀርም። ሆኖም ትናንት የት ተደርሶ እንደነበረ ማንም ማየት ይችላል።

አሁን ወደ ተዘጋው በር። በ1850ዎቹ አጋማሽ የዋሽንግተን ነባር ጎሣዎች መሬታቸውን በውል ሲያስረክቡ በጥንት ማጥመጃ ቦታቸው የማጥመድ መብታቸውን አስጠብቀው ነበር። መብቱ ከመቶ ዓመት በላይ ተረግጦ፣ በ1960ዎቹ በኒስኳሊ ወንዝ ላይ መረብ የጣሉ ሰዎች እየታሰሩ ቆይቶ፣ በ1974 ዳኛ ጆርጅ ቦልት ሊጠመድ ከሚችለው ዓሣ ግማሹ የእነርሱ እንደሆነ ፈረዱ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1979 ፍርዱን በዋናው አጸናው። ከዚያ ወዲህ 20 ያህል ጎሣዎች ከግዛቱ ጋር እኩል አስተዳዳሪ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት በግዛቱና በጎሣዎቹ መካከል ያለው ድርድር የሚደረገው ሕዝብ በሌለበት ነው። ብዙ የመዝናኛ አጥማጆች በዚህ ይከፋሉ፤ «ስድስት ሳምንት አወያይታችሁን የመጨረሻውን ቀን በዝግ ትጨርሱታላችሁ» ይላሉ። ጎሣዎቹ በበኩላቸው እኛ መንግሥት ነን፣ ሁለት መንግሥታት ሲነጋገሩ አዳራሽ ሙሉ ተመልካች አይቀመጥም ይላሉ።

እኔ የጎሣዎቹን ክርክር እቀበላለሁ። ይህን ያህል ዘመን የተነጠቀ ሕዝብ በየስብሰባው መብቱን ለተመልካች እንዲያስረዳ መጠየቅ አግባብ አይደለም። ጉድለቱን የማየው ግዛቱ ከድርድሩ ወጥቶ ለራሱ ዜጎች በሚሰጠው ማብራሪያ ላይ ነው። የግዛቱ ሕግ መምሪያው ደንብ ሲያወጣ ረቂቁን እንዲያሳውቅ፣ አስተያየት እንዲሰማ፣ መጨረሻ ላይም የቀረቡትን አስተያየቶች ጠቅሶ ለምን እንደተቀበለ ወይም እንዳልተቀበለ በጽሑፍ እንዲመልስ ያስገድዳል። ችግሩ ይህ መደበኛ አስተያየት መስሚያ የሚደረገው ከኤፕሪሉ ስምምነት በኋላ መሆኑ ነው። ሰው የሚናገረው ባለቀ ነገር ላይ ነው። ማብራሪያው ስምምነቱ በወጣ በሳምንቱ፣ «ይህን ጠየቅን፣ ይህን ለቀቅን፣ በዚህ ዝርያ ምክንያት» ብሎ ቢወጣ የድርድሩን ምስጢር ሳይነካ ከቅሬታው አብዛኛውን ያበርድ ነበር።

ስምምነት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በ2016 ታይቷል። ባሕሩ ከልክ በላይ ሞቆ ስለነበር በ2015 የተመለሰው ኮሆ ከተተነበየው በጣም ያነሰና የከሳ ሆኖ ተገኘ። በቀጣዩ ዓመት ትንበያው ዝቅ አለ፤ ግዛቱና ጎሣዎቹ በጊዜው መስማማት አልቻሉም፤ ከሜይ 1 ጀምሮ በፑጄት ሳውንድ ሳልመን ማጥመድ ተዘጋ። ስምምነቱ የመጣው በሜይ መጨረሻ ነበር። ግልጽነት ትንበያን ትክክል አያደርገውም፤ ስሕተቱ በምን ያህል እንደነበረ ግን በሚቀጥለው ዓመት ሰነድ ላይ፣ ከተተነበየው አጠገብ፣ የተመለሰው ቁጥር ተጽፎ ይታያል።

ወደ ጣና እንሻገር። ሐይቁ በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ 15 ያህል የባርበስ ዝርያዎች አሉት፤ አስጋሪው በጥቅሉ ነጭ ዓሣ የሚላቸው ናቸው። ከእነዚህ ገሚሶቹ ክረምት ሲገባ እንደ ሳልመን ወደ ወንዝ ይወጣሉ፦ ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ፣ ድርማ፣ አርኖ ጋርኖ። ከፍተኛው ጉዞ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ከመውጣታቸው በፊት ወንዙ አፍ ላይ ይከማቻሉ፤ በዚያች ሰዓት የተዘረጋ መረብ ሌላ ጊዜ በብዙ ቀን የማይያዘውን በአንድ ሌሊት ያወጣል። ወንዙ ውስጥ ደግሞ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ወቅጦ የሚያፈስ አለ፤ እርሱ ትልቁንም ጫጩቱንም አንድ ላይ ይፈጃል። ባርበስ እንደ ሳልመን እንቁላሉን ጥሎ አይሞትም፤ ዘንድሮ የተረፈች እናት በከርሞው ትመለሳለች። ለማደግ ግን ዓመታት ስለሚፈጅባት አንዴ ከተመናመነች መተካቷ ይዘገያል። ሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ በ1986 እ.ኤ.አ. ከገባ ወዲህ፣ ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች በክብደት 75 በመቶ ያህል እንደቀነሱ ተመራማሪዎች አሳይተዋል። እንቦጭን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም፤ ይህን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ያሳዝናል።

ሕግ አልጠፋም። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ የአማራ ክልልም የራሱ አዋጅ አለው። የመረጃ ነጻነት አዋጁ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ዋሽንግተን ውስጥ ቢያንስ ጥያቄህ ደርሶናል የሚለው መልስ በ5 የሥራ ቀን መምጣት አለበት። የጎደለው ቁጥሩ ወደ አስጋሪው የሚደርስበት መንገድ ነው። ባሕር ዳር የዓሣ ምርምር ማዕከል አለ፣ ጥናቱም ይሠራል፤ ጥናቱ የሚታተመው ግን በእንግሊዝኛ መጽሔት ሲሆን ጉማራ አፍ ላይ በታንኳ የሚያድረው ሰው የሚሰማው «ተከልክሏል» የሚለውን ብቻ ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ሚዛን፣ መለኪያ ዘንግና ደብተር ነው። ማራገፊያው ላይ በሳምንት ሁለት ቀን መቁጠር ይበቃል፦ መረቡ ስንት ሜትር ነበር፣ ዓይኑ ስንት ጣት ነው፣ ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ ቆየ፣ ከወጣው ውስጥ ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ስንት ኪሎ ነው፣ እንቁላል የያዙት ስንት ናቸው። የመረቡ ርዝመትና ሰዓቱ ካልተጻፈ ቁጥሩ ዋጋ የለውም፤ ዓሣ ቀንሶ መረብ ቢጨምር ኪሎው እንዳለ ሊቆይ ይችላልና። ቆጣሪው የማኅበሩ ሰው ቢሆን ይመረጣል። አስጋሪው እውነቱን የሚናገረው ግን ቁጥሩ ለመዝጋት ብቻ እንደማይውል ሲያይ ነው። ሲያትል ላይ አጥማጁ ለቆጣሪው የሚናገርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ያው ቁጥር በከርሞው ቀን ሊጨምርለት ይችላል። ጣና ላይም የርብ ዓሣ ካገገመ የርብ አፍ የመዝጊያ ሳምንት እንደሚያጥር አስቀድሞ በጽሑፍ መነገር አለበት።

ከባዱ ነሐሴ ነው። በፍልሰታ የዓሣ ገበያ ይደምቃል፤ የዓሣው ጉዞም ያኔ ነው። በዚያ ሳምንት መረቡን የሚያነሣ ድሃ አስጋሪ ገቢው ምን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከአማራጮቹ ጋር አብሮ መቅረብ ይኖርበታል፦ ሁሉንም ወንዝ መዝጋት፣ ወይም ከወንዝ አፍ የተወሰነ ርቀት ብቻ መዝጋትና መሃሉን ለቆሮሶ መተው፣ ወይም በተራ መዝጋት። ለእያንዳንዱ ስንት ነጭ ዓሣ እንደሚተርፍና ስንት ብር እንደሚቀር በአማርኛ በአንድ ገጽ ተጽፎ በየማራገፊያውና በየቀበሌው ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችሉ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ስብሰባው። ውሳኔውም የማንን ሐሳብ ለምን እንደተወ ጽፎ እዚያው ይለጠፍ። ይህ ሁሉ እስከ ግንቦት መጨረሻ ማለቅ አለበት፤ ሰው ለክረምቱ ተበድሮ መረብ ከገዛ በኋላ የሚመጣ ክልከላ ዕዳውን ይዞ በሌሊት ወንዝ አፍ ላይ እንዲያድር ያደርገዋል።