ለነጋዴ ዘብ ለቆማችሁ ወገኖቼ

ወገኖቼ፣ በአይፎንና በአንድሮይድ ስም የያዛችሁት መሰዳደብ ከቀልድ አልፎ የለየለት ጠብ እየሆነ መጥቷልና ተግሳጹ ሳይለዝብ ሊነገራችሁ ይገባል። አንደኛው ወገን የሌላውን ስልክ «የድሃ ስልክ» እያለ ያሸማቅቃል፤ ሌላው ደግሞ አይፎን የያዘውን ሁሉ በግ፣ ታይታ ወዳድ፣ ያለ የሌለ ገንዘቡን አራግፎ አርማ የገዛ ሞኝ ያደርገዋል። አዲስ ስልክ ይፋ በሚሆንበት ሰሞን ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ የምትወራወሩትን ቃል ያነበበ እንግዳ ሰው፣ ክርክሩ ስለ ካሜራና ስለ ባትሪ ሳይሆን ስለ ዘር ሐረግ ይመስለዋል። በማንነት መናናቅ ምን እንዳስከፈለን ጠንቅቀን የምናውቅ ሰዎች፣ ደረሰኝ ቆርጠን በገዛነው ዕቃ ደግሞ አዲስ ጎራ መመሥረታችን ያሳፍራል።

ዘብ የቆማችሁላቸው ድርጅቶች እርስ በርሳቸው እንዴት እንደሚኖሩ እስቲ ልብ በሉ። (የኩባንያዎቹን ነገር ሳነሣ የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አይፎንን የሚሠራው አፕልና የአንድሮይድ ስልኮችን የሚሠራው ሳምሰንግ ከ2011 እስከ 2018 ድረስ በተለያዩ አገሮች ፍርድ ቤቶች ሲካሰሱ ኖረዋል፤ በ2012 የካሊፎርኒያ የጁሪ ችሎት ሳምሰንግ ለአፕል ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ እንዲከፍል ወስኖ፣ ኋላ ላይ መጠኑ በክርክር ተቀንሷል። ሙግቱ በጦፈበት በዚያው ዘመን ግን ሳምሰንግ ለአይፎን የሚሆኑ ቺፖችን ያመርት ነበር፤ በ2017 የወጣውና ያን ያህል የተወራለት የአይፎን ኤክስ ስክሪንም ከሳምሰንግ ፋብሪካ የወጣ ነው። አንድሮይድን የሚሠራው ጉግልስ? የራሱ የመፈለጊያ ገጽ በአፕል የኢንተርኔት ማሰሻ በሳፋሪ ላይ ቀድሞ ተመርጦ እንዲቀመጥ በ2022 ብቻ ለአፕል 20 ቢሊዮን ዶላር መክፈሉ ከሁለት ዓመት በኋላ በፍርድ ቤት ሰነድ ታውቋል። ባለቤቶቹ እንዲህ ተደጋግፈው በሚነግዱበት ገበያ ውስጥ እናንተ ከአብሮ አደጋችሁ ጋር ተኳርፋችሁ ትውላላችሁ።

የመሳለቁ ነገር ከሁሉም የባሰ ነው። አፕል በ2016 ከአይፎን 7 ላይ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያውን ሲያስቀር ሳምሰንግ በማስታወቂያ አላገጠበት፤ የሳምሰንግ ወዳጆችም ያንን ማስታወቂያ እየተቀባበላችሁ የአይፎን ባለቤቶችን መሣቂያ አደረጋችኋቸው። በ2019 ጋላክሲ ኖት 10 ያለዚያው መሰኪያ ብቅ አለ፤ ማላገጫ የነበሩትም ማስታወቂያዎች ከኩባንያው ገጾች ላይ ጠፉ። በኦክቶበር 2020 አይፎን 12 ያለ ቻርጀር ሲመጣ ሳምሰንግ ፌስቡክ ላይ የቻርጀር ፎቶ ለጥፎ፣ ይህ ከጋላክሲያችሁ ጋር አብሮ ይመጣል ሲል ዳግመኛ አሽሟጠጠ። ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ፣ በጃንዋሪ 2021፣ ጋላክሲ ኤስ 21 ያለ ቻርጀር ተሸጠ፤ ያ ልጥፍም እንደቀደሙት ተነሣ። ኩባንያው ጽሑፉን ሰርዞ ወደ ሥራው ተመለሰ። የእናንተ ስድብ ግን አልተሰረዘም፤ «ቻርጀር የሌለው ሳጥን ባዶ ነው» ስትሉ የከረማችሁት ሰዎች በማግስቱ «ቻርጀር የማንም ቤት አይጠፋም» ወደ ማለት ዞራችሁ። በአቋማችሁ ላይ አንዳች ሐፍረት ሳይታይ የተዟዟራችሁት፣ ከመነሻውም የቆማችሁት ለቻርጀሩ ሳይሆን ለሳጥኑ ስም ስለነበረ ነው።

የአይፎን ወገኖችም ከዚህ ነፃ አይደላችሁም። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር እንዲዘገዩ ማድረጉን በ2017 መገባደጃ ላይ ሲያምን፣ ገንዘቡን ከፍሎ የተታለለው ደንበኛ ራሱ ጠበቃ ሆኖ «ለስልኩ ደኅንነት ሲባል ነው» እያለ ይከራከርለት ነበር፤ ኩባንያው ግን በ2020 አሜሪካ ውስጥ ለቀረበበት ክስ እስከ 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በሌላው በኩል በ2016 ጋላክሲ ኖት 7 በሰዎች እጅ ላይ እየተቃጠለ ከገበያ ሲሰበሰብ፣ ነገሩን የአፕል ወሬ ነው ያሉ የሳምሰንግ ታማኞች አልታጡም። አንድሮይድን የነፃነት ሰንደቅ አድርጋችሁ የምትይዙም፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ የቀጣው አንድሮይድን ተጠቅሞ ስልክ አምራቾችን በውል በማሰሩ መሆኑን አትርሱ። ለሸጠላችሁ ሰው ጥፋት ማስተባበያ መፈለግ ከየት የመጣ ግዴታ ነው?

ጠቡ እንዲሁ ከሰው ባሕርይ ብቻ የፈለቀ ነው እንዳትሉ፣ አጥሩ ታስቦበት የታጠረ መሆኑም በሰነድ ታይቷል። የጌም አምራቹ ኤፒክ ጌምስ ከአፕል ጋር በተካሰሰበት በ2021 ይፋ ከሆኑት የውስጥ ደብዳቤዎች መካከል፣ የአፕል የሶፍትዌር ኃላፊ ክሬግ ፌደሪጊ በ2013 የጻፈው ይገኝበታል፤ የአይፎን የመልእክት መላላኪያ የሆነው አይሜሴጅ በአንድሮይድ ላይ ቢሠራ፣ አይፎን የሚጠቀሙ ቤተሰቦች ለልጆቻቸው አንድሮይድ እንዳይገዙ የሚያግደው መሰናክል ይነሣል የሚል ነው። ልጆች ላይ የታሰበውን አስተውሉ። በ2022 አንድ ጠያቂ ለእናቱ ቪዲዮ በደንብ መላክ እንዳልቻለ ለአፕሉ መሪ ለቲም ኩክ ቢነግረው፣ ኩክ ለእናትህ አይፎን ግዛላት ብሎ መለሰለት፤ አዳራሹም ሣቀ። በ2024 የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር አፕልን ሲከስ፣ አይፎን ላይ ከአንድሮይድ ተጠቃሚ ጋር የሚደረገው መልእክት በአረንጓዴ ቀለም እየተለየ የአንድሮይዱን ባለቤት ለመገለል መዳረጉን በክሱ ውስጥ አነሣ። በዚያው ዓመት አፕል አርሲኤስ የተባለውን የጋራ የመልእክት ሥርዓት ስለተቀበለ ፎቶውና ቪዲዮው በተሻለ ጥራት መሻገር ጀምሯል፤ አረንጓዴው ቀለም ግን እስካሁን እንዳለ ነው።

በአሜሪካ የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህ ነገር ልጆቻችሁን በቀጥታ ይነካቸዋል። በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ በመልእክቱ ቀለም ምክንያት ከጓደኞቹ ግሩፕ ሲገለል፣ ወላጁ ተጨማሪ ፈረቃ ሠርቶ አይፎን ይገዛለታል። ይህን አልነቅፍም፤ የልጅ ለቅሶ ሲበረታ ምን ይደረጋል። የምነቅፈው ያው ልጅ አይፎኑን በያዘ በሳምንቱ በሌላው ልጅ ሲያላግጥ ሰምታችሁ ዝም የምትሉትን ነው።

አገር ቤት ያለነው ግን ምን ምክንያት አለን? እዚህ ሰው የሚጻጻፈው በቴሌግራም ነው፤ ኤስኤምኤስ የባንክ መልእክትና የቴሌ ማስታወቂያ መቀበያ ከሆነ ቆይቷል። ቴሌግራም የላኪውን ስልክ በቀለም አይለይም፤ ቴሌብርም በሁለቱ ላይ ያለ አድልዎ ይሠራል። እንግዲህ የአሜሪካን ጠብ ከነመንስኤው እንኳ አላስመጣነውም፤ ንቀቱን ብቻ ነው ያለ ቀረጥ ያስገባነው። ካፌ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ አርማው ለአላፊ አግዳሚው እንዲታይ በፊቱ ተደፍቶ የሚቀመጠውን ስልክ ተመልከቱ፤ ሲገለበጥ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር የተሰነጠቀ ነው፤ ማሠሪያ ገንዘቡ ግን የለም። ሠርግ ላይ ሚዜዎቹ ፎቶውን በአይፎኑ የፋይል መላኪያ በኤርድሮፕ ሲቀባበሉ፣ ሳምሰንግ የያዘችውን የሙሽራዋን ታናሽ እህት «አንቺ ዜንደር ክፈቺ» ብለው የሚሣቁባትን አስቡ፤ ፎቶው እኮ ቴሌግራም ላይ በፋይል ቢላክ ጥራቱን ሳያጣ ለሁሉም ይደርስ ነበር።

ይህ ንቀት ሰውን ወደ ኪሳራ ይነዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር በላይ ሆኗል፤ ከውጭ የሚገባ ስልክም ዋጋው አብሮ ወጥቷል። ደመወዙ ግን ባለበት የቆመ ወጣት፣ መሣለቂያ ላለመሆን ሲል እቁቡን አስቀድሞ ይወስዳል፤ ካልሆነም ማን እንደያዘው የማይታወቅ ያገለገለ አይፎን ይገዛል። ስልኩ ቤት ደርሶ እንደ አዲስ ሲከፈት የቀድሞ ባለቤቱን የአይክላውድ (የአፕል አካውንት) ይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ሻጩ ደግሞ ስልኩን አያነሣም። ገንዘቡን የበላው ሻጩ ነው፤ ልጁን ወደ ሻጩ የገፋው ግን የእናንተ ሣቅ ነው።

በቴክኖ የምታላግጡማ አፋችሁን ብትሰበስቡ ይሻላል። የቴክኖ ባለቤት የሆነው ትራንሽን ከ2011 ጀምሮ ስልኮችን እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገጣጥም የቆየ ነው፤ ስልኮቹን በአማርኛ አዘጋጅቶ አቅርቧል፤ ካሜራውንም ጠቆር ያለ ፊት አጥርቶ እንዲያነሣ አስተካክሎ ሠርቷል። የሚናቀው ስልክ ስለ ተጠቃሚው ያሰበውን ያህል የምትመኩባቸው ስልኮች አስበውልናል ወይ? በድምፅ የምትታዘዘው የአፕሏ ሲሪ እስከ ዛሬ አማርኛ አትሰማም። የእሷ አቻ የሆነው የጉግል አሲስታንትም አማርኛን ሳይማር ቦታውን ለአዲሱ የጉግል ረዳት ለጀሚናይ ወደ መልቀቁ ደርሷል። ማንበብ የማይችሉ አባት «ልጄ ጋ ደውል» ብለው በራሳቸው ቋንቋ ስልካቸውን ማዘዝ ያልቻሉት በሁለቱም ጎራ እያሉ ነው፤ ይህን ጉድለት አንሥቶ ለኩባንያዎቹ ቅሬታ የሚጽፍ ግን ከሁለታችሁም ወገን ብዙ አይታይም።

ተጠቃሚ አንድ ላይ ሲቆም የሚያገኘው ነገር እንዳለ ደግሞ በዓይናችን አይተናል። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ስልኮች ሁሉ በአንድ ዓይነት መሰኪያ እንዲሞሉ ሕግ አወጣ፤ አፕል ሲቃወመው ቢቆይም በ2023 አይፎን 15ን በዚያው መሰኪያ፣ በዩኤስቢ ሲ፣ አወጣው። ዛሬ ስልኩ የሞተበት ሰው የጎረቤቱን ገመድ ይዋሳል፤ ስልኩ የየትኛው ወገን ነው ብሎ የሚጠይቀውም የለም። ያን ሕግ ያስገኘው የማን ስልክ ይበልጣል የሚለው ክርክር አልነበረም፤ በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ የተከማቸው የተለያየ ገመድ ስላስመረረ ነው። እኛም የሚያስመርሩን ብዙ ነገሮች አሉ፤ የጥገና ዕቃ ውድነት፣ ኦሪጅናል ተብሎ የሚሸጥ ኮፒ ባትሪ፣ ዋስትና የሚባል ነገር በወረቀት ላይ ብቻ መቅረቱ። እነዚህ አይፎን የያዘውንም አንድሮይድ የያዘውንም እኩል ይመለከታሉ።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ዘመድ «ምን ስልክ ልግዛ?» ብሎ ሲጠይቃችሁ፣ የጎራችሁን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ስንት ብር እንዳለው፣ ስልኩን ለምን ሥራ እንደሚፈልገው፣ በሚኖርበት ከተማ የሚጠግንለት ሰው መኖር አለመኖሩን ጠይቁት። ያገለገለ የሚገዛ ከሆነም፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ስልኩ የቀድሞው ሰው አካውንት የወጣለት መሆኑን ሻጩ ፊት አብራችሁት ቆማችሁ አረጋግጡለት።