የ11 ዓመት ሹፌር፣ በፌስታል

ጭንቅላቴ እየዞረ ነው የምጽፈው። ፊደል ብስት እለፉኝ።

ለልደቴ አዋጥታችሁ የገዛችሁልኝ ሰዎች፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለሚቀጥለው ካልሲ ይበቃኛል። «የውድድር መኪና አነዳድ ኮርስ! ላንተ ያልሆነ ለማን ይሆናል!» አላላችሁም? ይኸው ነዳሁ። ማለቴ፣ አልነዳሁም። የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

ሰው ሲነዳ መኪና እንደማይስማማኝ ታውቃላችሁ። የመጀመሪያውን ዙር አስተማሪው ነው የሚነዱት ስለተባለ፣ እንደደረስኩ ድራማሚን የሚባለውን የማጥወልወል ክኒን ዋጥኩ። ብልጥ ነኛ! ቀደም ብሎ ካልተወሰደ አይሠራም። አስተማሪው 70 ያለፋቸው ሽማግሌ ናቸው። ሄልሜቴን እያጠበቁልኝ መድኃኒት ወስጄ እንደሆነ ጠየቁኝ። እኔ ጅሉ እውነቱን ተናገርኩ።

«እንቅልፍ ያመጣል። ዛሬ መሪ አትይዝም።»

«ታዲያ ምን ልሁን?»

«ከጎኔ ሆነህ እያየህ ትማራለህ።»

እስቲ ፍረዱኝ! እንዳያመኝ የዋጥኩት ክኒን የሚያመኝ ወንበር ላይ አስቀመጠኝ። የሚነዳውን እኮ የማያጥወለውለው ኩርባውን ቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። ጎን የተቀመጠው ግን ዓይኑ ሌላ ይነግረዋል፣ እንቅስቃሴ የሚለካው የውስጥ ጆሮው ሌላ። ሰውየው ደግሞ ፍሬን የሚይዙት ኩርባው አፍንጫቸው ሥር ሲደርስ ነው። ሆዴ ቀድሞኝ ይታጠፋል። «አርቀህ ተመልከት» ይሉኛል። አርቄ ሳይ የሚታየኝ የሚቀጥለው ኩርባ ነው!

ሦስተኛው ዙር ላይ እጄን አነሳሁ። ቆሙ። የሄልሜቱ ማሰሪያ አልፈታ አለኝ። እንደ ሕፃን እሳቸው ፈቱልኝ፣ ፌስታልም ሰጡኝ።

«ለመሆኑ ሥራህ ምንድን ነው?»

ፌስታሉ ውስጥ ሆኜ፣ «ሹፌር።»

«ምን አልክ?»

«ሹፌር! ኡበር! 11 ዓመት!»

ዝም አሉ። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ጀርባዬን መታ መታ አድርገው «ያጋጥማል» አሉኝ። የት ነው የሚያጋጥመው?

እኔ እኮ አርብ ሌሊት እዚህ ዲሲ፣ መጠጥ ቤት የበዛበት ዩ ስትሪት ላይ ጠጥቶ ወንበሬን ያበላሸውን ልጅ ፎቶ አንስቼ የጽዳት ያስከፈልኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ትዝ አለኝ። ይቅርታ ግን አልጠይቀውም፣ ሽታው ሦስት ቀን አልለቀቀኝም።

ልጅ ሆኜ ከጎሃ ጽዮን ደጀን፣ ያን ሁሉ የአባይ በረሃ ጥምዝምዝ ስንወርድ እናቴ ሎሚ ታሸተኝ ነበር። መስኮት ይከፈትልኝ ስል አውቶቡሱ በሙሉ «ኧረ ዝጋው፣ ነፋስ ይመታናል!» ይላል። አርባ ዲግሪ በሚያቃጥል በረሃ! ዛሬ መስኮት መክፈት ደንብ ነው፣ ነፋሱ እንደ ልብ ነው። ሎሚ የያዘልኝ ሰው ግን የለም።

ገንዘቡ አይመለስም አሉ። ጠይቄያለሁ፣ ሁለቴ። የምስክር ወረቀት ግን ሰጡኝ፣ ስሜን አበላሽተው። ከዚያ ክኒኑ በደንብ ያዘኝና መኪናዬ ውስጥ ሁለት ሰዓት ተኛሁ። የቅዳሜ ማታ ሥራም ቀረ።

ግሩፑ ላይ «ቪዲዮውን ልቀቀው» የምትሉ፣ ቪዲዮ የለም።

አለ፣ ግን የለም።