በሰማያዊ አምፖል አታጥበርብሩን

እናንተ ማታ መኪና የምትነዱ ወገኖች፣ ስሙ። የፊት መብራት አምፖል ስትገዙ ካርቶኑ ላይ የምታዩት 5000፣ 6000፣ 8000 የሚል ቁጥር የብርሃን ብዛት አይደለም። ቁጥሩ ኬልቪን ይባላል፤ የሚነግራችሁ ቀለሙን ነው። ብረት እሳት ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ ይቀላል፣ ቀጥሎ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይነጣል፤ ቁጥሩም እንደዚያው ከፍ ባለ መጠን ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። መንገድ የሚያሳያችሁ የብርሃኑ ብዛት፣ ሉመን የሚባለው ነው፤ እሱን ግን ማን ይጠይቃል? «ነጭ አለህ?» ብላችሁ ትገባላችሁ፣ «ከዚህ የነጣ የለህም?» ብላችሁ ትከራከራላችሁ።

እስቲ ያንን «ነጭ» ሃሎጅን፣ ሽቦ ግሎ የሚያበራበትን አምፖል፣ ከሶኬቱ አውጡና መስታወቱን ተመልከቱት። ሰማያዊ ነው አይደል? ውስጡ ያለችው ሽቦ ቱንግስተን ናት፤ 3695 ኬልቪን ገደማ ስትደርስ ትቀልጣለች። ደህና ሃሎጅን የሚሠራው 3200 አካባቢ ላይ ነው። ታዲያ 5000 የተባለው ሃሎጅን ከየት መጣ? ተቀብቶ ነዋ! ቅቡ ቢጫውንና ቀዩን ብርሃን ውጦ ያስቀራል፣ የተረፈው ሰማያዊ መስሎ ይወጣል። አምራቹ የተዋጠውን ለማካካስ ሽቦዋን አብዝቶ ያግላታል፤ እሷም ቶሎ ትበጠሳለች። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባላል፤ እናንተ ለራሳችሁም አሳንሳችሁ ቆረሳችሁ፣ ያውም ገንዘብ ጨምራችሁ።

በሽቦ ፈንታ በጋዝ ውስጥ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ የሚበራው ዜኖንም ቢሆን ያው ነው። ከፋብሪካ የሚወጣው ዲ2ኤስ የተባለ ዓይነት 35 ዋት፣ 4300 ኬልቪን፣ 3200 ሉመን ገደማ ነው። ወደ 6000 ስትቀይሩት ይነጣል፣ ሉመኑ ይወርዳል። 8000 ጌጥ ነው፤ ጌጥ ደግሞ ጉድጓድ አያሳይም።

ከፊት ለፊት የሚመጣውን ሰውም አስቡት። ብርሃኑ እኩል ሆኖ እንኳ ወደ ሰማያዊ ያደላው ዓይንን ይበልጥ ይረብሻል። ዕድሜው የገፋ ሹፌር ላይ ይብሳል፤ የዓይኑ ሌንስ ስለደፈረሰ ብርሃኑ ውስጡ ይበተንበታል። እናንተ ካለፋችሁም በኋላ ለጥቂት ሰከንድ ዳር ዳሩን የሚሄደውን እግረኛ አያይም።

ይህ አልበቃ ብሎ ለሃሎጅን በተሠራ መብራት ውስጥ ኤልኢዲ፣ ሽቦ የሌለው በቺፕ የሚበራ አምፖል፣ የምትሰኩ አላችሁ። ኤች 4 የሚባለውን የሃሎጅን አምፖል ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ሁለት ሽቦ አለው። የአጭሩ መብራት ሽቦ ሥር ትንሽ የብረት ጽዋ ተገጥሞለታል። ሥራው ከአምፖሉ ጀርባ ወዳለው አንጸባራቂ ታችኛ ግማሽ የሚሄደውን ብርሃን መጋረድ ነው፤ ካልተጋረደ ተመልሶ ወደ ላይ፣ የሰው ዓይን ውስጥ ይገባል። አንጸባራቂው የተቀረጸው ሽቦዋ ያለችበትን ቦታ ተከትሎ ነው፤ ስህተቱ የሚቆጠረው በሚሊሜትር ነው። የኤልኢዲው ቺፕ በሰሌዳ ግራና ቀኝ ተለጥፎ ሲመጣ ያ ልክ ይዛነፋል። አፍንጫችሁ ሥር ያለው አስፋልት ነጭ ምንጣፍ ይመስላል፣ ዓይናችሁም ለዚያ ድምቀት ይጠባል፣ ሩቁ ይጨልምባችኋል። እናንተ ግን «በራልኝ» ትላላችሁ። መኪናው ከፋብሪካው ኤልኢዲ ይዞ ከመጣ ሌላ ነገር ነው፤ እሱን አትነካኩት።

ለጉም ቢጫ ይሻላል የሚለው ወሬ ግማሹ እውነት ነው። የጉም ጠብታ ትልቅ ስለሆነ ቢጫውንም ነጩንም እኩል ይበትናል፤ ቢጫ ለራሳችሁ ዓይን ቀለል ይላል እንጂ ጉም አይሰነጥቅም። ፈረንሳይ ከ1937 እስከ 1993 (እ.ኤ.አ.) መኪናዎቿን በቢጫ መብራት አስነድታለች፤ በኋላ ተወችው። በጉም ረጅሙን አጥፉ፣ ዝቅ ብሎ የተገጠመውን የጉም መብራት አብሩ።

«የኔ መብራት ቢጫ ሆነ፣ ደከመ» የምትሉ፣ አምፖሉን ከመውቀሳችሁ በፊት ቮልት ለኩ። ሞተር ተነሥቶ መብራቱ በርቶ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ አምፖሉ ሶኬት ላይ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ የዛገ ማያያዣ ወይም የላላ የኔጌቲቭ ሽቦ አለ ማለት ነው። ቮልቱ በ5 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 16 በመቶ ያህል ይቀንሳል፣ ቀለሙም ይቀላል። ይህን ትታችሁ 100 ዋት አምፖል ስትሰኩ ለ60 የተሠራው ሶኬት ይቀልጣል። የፕላስቲክ ሌንሱም በፀሐይ ቢጫ ሆኖ ይሆናል፤ በ1000፣ በ2000፣ በ3000 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውኃ እያሹ መወልወልና ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ መቀባት ነው። ቫርኒሹን ከዘለላችሁ በወራት ውስጥ ተመልሶ ይደበዝዛል።

አምፖል ስትቀይሩ ሁለቱንም ቀይሩ፣ መስታወቱን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ቅባት ያለበት ቦታ ከልክ በላይ ግሎ ይሰነጠቃል። ሃሎጅን ከሆነ መስታወቱ ጥርት ያለውን ውሰዱ፤ ኤች 7 የተባለው ዓይነት ከሆነ 55 ዋት፣ 1500 ሉመን።

ከዚያ አስተካክሉት። የጎማ ንፋስ ሙሉ፣ ሜዳ ላይ ከግድግዳ 10 ሜትር ራቁ፣ ሹፌር ወንበሩ ላይ ይቀመጥ። የመብራቱን መሐል ከፍታ ግድግዳው ላይ ምልክት አድርጉ፤ የአጭሩ መብራት ድንበር ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል። ኮፋኖው ሥር 1.2% የሚል ጽሑፍ ካገኛችሁ 12 አድርጉት። ኋላ ዕቃ ስትጭኑ አፍንጫው ስለሚነሣ፣ መሪው አጠገብ ከ0 እስከ 3 የተጻፈባት ማስተካከያ ካለች ቁጥሯን ጨምሩ፤ ስታራግፉ ወደ 0 መልሷት።