የፈራን ውሻ ማባበል ጥፋት አይደለም
ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ «ነጎድጓድ የሚፈራን ውሻ አታባብሉ፤ ፍርሃቱ ይብስበታል» ማለቱን አልቀበልም። ፍርሃቱን የሚያባብሰው ቁጣና ዱላ ነው። እዚህ ጎንደር ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲያጓራ ስንቱ የግቢ ውሻ በሰንሰለት እንደታሰረ ይንቀጠቀጣል! ያውም ዝናቡ በሚደበድበው የቆርቆሮ ጎጆ ውስጥ። እባካችሁ፣ ደመናው ሲከብድ ፍቱትና ቤት አስገቡት። የእኛዋ ውሻ ነጎድጓዱ ለእኛ ገና ሳይሰማን ጆሮዋን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ እያለከለከች አልጋ ሥር ትገባለች። ጎትተን አናወጣትም፤ መጋረጃውን ዘግተን ሬዲዮ እንከፍታለን፣ ስትጠጋን እንዳብሳታለን። የተቀዳ የነጎድጓድ ድምፅ በጣም ዝቅ አድርጎ ከፍቶ፣ ሥጋ እየሰጡ ቀስ በቀስ ማለማመድም ይረዳል፤ ይህ ግን የበጋ ሥራ ነው። ራሱን እስኪጎዳ የሚፈራውን የእንስሳት ሐኪም ይየው፤ የሰው ማስታገሻ ከቤት አንስታችሁ ፈጽሞ አትስጡት።