ለሰማያዊው ጭስ፦ ከድሬዳዋ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የማርሚታ ጫፍ ነዋሪ ለሆንከው ሰማያዊ ጭስ
ባለህበት

ጉዳዩ፦ የሞተር ዘይት ያለ ደረሰኝ መብላትህን ይመለከታል

በድሬ ወግ ሽማግሌውም ሹሙም «አንተ» ነውና አንቱታ እንዳትጠብቅ። በቅድሚያ ለምታደርግልን ሁሉ እናመሰግናለን። ከከዚራ ተነስተህ የደቻቱን ወንዝ ስትሻገር ከኋላህ የሚመጣው ባለባጃጅ የመጋላን መንገድ በማሽተት ለይቶ ነው የሚነዳው። አስፋልቱ በፀሐይ በሚቀልጥበት ሰዓት ጥላ የምትሠራልን አንተ ብቻ ነህ።

ባለቤትህን ግን ማመስገን ይከብደናል። ኮፋኖ ከፍቶ ዘይት ይጨምርልሃል፣ «ትንሽ ትጠጣለች» ይላል፣ ይዘጋል። ምን ያህል እንደምትጠጣ ሲጠየቅ ሰማይ ሰማይ ያያል። መለካት እኮ ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ማቆም፣ ሞተሩን አጥፍቶ ዘይቱ ወደ ታች እስኪወርድ አሥር ደቂቃ ያህል መጠበቅ፣ የዘይት መለኪያዋን ዘንግ አውጥቶ መጥረግ፣ መልሶ ከትቶ ማንበብ፣ እስከ ላይኛው ምልክት መሙላትና ኪሎሜትሩን መጻፍ። ከ1,000 ኪሎሜትር በኋላ እንደገና እዚያው ምልክት ለመድረስ የገባውን በሊትር መለካት ነው። በአብዛኞቹ ትንንሽ መኪኖች በሁለቱ ምልክቶች መካከል ያለው ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል። ያረጀ ሞተር በ1,000 ኪሎሜትር ሩብ ሊትር ቢበላ ማንም አይከስህም። ግማሽ ሲደርስ ፋይል ይከፈትብሃል። አንድ ሊትር ከሆነ ግን ጥያቄው ከየት ነው የምትገባው የሚለው ብቻ ነው።

ከምልክቱ በላይ መሙላትም ሌላው ግብዣህ ነው። ዘይቱ ሲበዛ ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዘንግ፣ ኮሎው፣ እየመታው አረፋ ያደርገዋል፣ በመተንፈሻው በኩል ወደ አየር መሳቢያው ይገባል፣ አንተም ትወፍራለህ። «ቀይ መብራቷ ትነግረኛለች» የሚልም አለ። እሷ የምትናገረው ስለ ዘይት ግፊት ነው፣ ስለ መጠን አይደለም። በደንብ በርታ ስትታይ ኮሎው የሚያርፍበት ብሮንዚን ቀድሞ ሊያልቅለት ይችላል።

ፍትሐዊ እንሁንና የጎደለ ዘይት ሁሉ ባንተ አይላከክም። የቫልቭ ክዳን ጓርኒሲዮን (በሁለት ብረት መካከል የሚገባው ማሸጊያ)፣ የኮሎው የፊትና የኋላ ኦይል ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ)፣ የፊልትሮው አንገት፣ የዘይት ግፊት መቆጣጠሪያዋ ሁሉም ያፈሳሉ። ማታ ካርቶን ከሥር ማንጠፍ ይረዳል፣ ግን ሲሄዱ ብቻ የሚያፈሱም አሉ፤ ካርቶኑ ንጹሕ ሆኖ ያድራል። ሞተሩን አጥቦ አድርቆ የሕፃን ፓውደር መነስነስና ትንሽ ነድቶ ማየት ነው፤ ነጩ ዱቄት የረጠበበት ቦታ አፍሳሹ ነው።

ፈሳሽ ከሌለ ወዳንተ እንመለሳለን። መጀመሪያ ማንነትህን አጣራን። ጥቁር ብትሆን ነዳጅ በዝቶ ነው፤ ነጭ ሆነህ ጣፋጭ ጣፋጭ ብትሸት የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ራስ) ጓርኒሲዮን ተበልቶ ውኃ እየተቃጠለ ነው። አንተ ሰማያዊ ነህ፣ ጉሮሮ ትከረክራለህ፣ ስለዚህ ዘይት ነህ። ታዲያ አድራሻህን ለማወቅ ስንት ነህ ሳይሆን መቼ ትወጣለህ ብለን ነው የምንጠይቅህ።

ለዚህ ደግሞ እግዜር የደንገጎን ዳገት ሰጥቶናል። ከድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ተነስቶ ወደ 2,000 ሜትር የሚወጣውን ያን ጠመዝማዛ በከባድ ማርሽ፣ ነዳጅ ተረግጦ ሲወጣ ሳታቋርጥ ከጨስክ ቤትህ ሪንግ፣ ፒስተኑን የከበበው የብረት ቀለበት ነው። ፒስተኑ የሚመላለስበት ሲሊንደር ተበልቷል ወይም ሪንጎቹ ተጣብቀዋል። ከሐረማያ በኩል ሲመለሱ ደግሞ ቁልቁለቱን እግርን ከነዳጅ አንስቶ በማርሽ ይዞ መውረድ ነው። ያኔ የአየር በሩ ዝግ ስለሆነ ሞተሩ ውስጥ ብርቱ መሳብ ይፈጠራል፣ በተበላ የቫልቭ ጋይድ (የቫልቩ ግንድ የሚመላለስበት ቱቦ) እና በደረቀ የቫልቭ ሲል በኩል ዘይቱን ወደ ውስጥ ይጠባል። ታች ደርሶ ነዳጅ ሲረገጥ እንደ ደመና ፈንድተህ ከወጣህ ተይዘሃል። ጠዋት ሲነሣ ብቻ ለትንሽ ጊዜ ብቅ ብለህ የምትጠፋ ከሆነም ያው ሲል ነህ፤ ሌሊት በቫልቩ ግንድ ጠብ ጠብ እያልክ አድረህ ነው። ናፍጣ ላይ የቁልቁለቱ ፈተና ብዙ አይሠራም፣ አየሩን የሚዘጋ በር በአብዛኛው የለውምና። እዚያ ተርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው) ካለ የአየር ቱቦውን ፈትቶ ውስጡ የቆመ ዘይት እንዳለ ማየት ይቀድማል።

ሞተሩ ከመከፈቱ በፊት አንድ ርካሽ ነገር ይቀራል፦ ፒሲቪ የሚባለው የመተንፈሻ ቫልቭ። ነቅሎ ሲወዘወዝ ቅጭልጭል ካላለ ቆሽሾ ተጣብቋል። ሞተሩ መተንፈሻ ሲያጣ ዘይቱን ባገኘው ቀዳዳ ይገፋዋል። ይህን ዕቃ ሳያዩ ሞተር ማውረድ ኪስ ማውለቅ ነው።

ከዚያ ካንዴላዎቹን በተራቸው ነቅሎ መደርደር ነው። ሦስቱ ደርቀው አንዷ በዘይት ረጥባ ጥቁር ከሆነች ያለህበትን ክፍል ቁጥር አገኘን። ኮምፕሬሽን፣ ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበት ግፊት፣ የሚለካው ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ ነዳጅና እሳት ተቋርጠው፣ ነዳጅ መስጫው እስከ ታች ተረግጦ ነው። በአብዛኛው የቤንዚን ሞተር ከ10 እስከ 13 ባር ይነበባል፤ በሲሊንደሮቹ መካከል ከ15 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ችግር አለ። ዝቅ ባለው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና ሲለካ ከፍ ካለ ሪንግ፣ ካላለ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን።

እዚህ ላይ ግን ስንቱን አሞኝተሃል! ኮምፕሬሽን የሚይዙት የላይኞቹ ሁለት ሪንጎች ናቸው። ዘይቱን የምትጠርገው ሦስተኛዋ ናት። ዘይት ሳይቀየር ሲከርም የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቿ በካርቦን ይደፈናሉ፣ እሷም ትጣበቃለች። መለኪያው «ጤነኛ» ይላል፣ አንተ ትጨሳለህ፣ ባለቤትህም «ኮምፕሬሽኑ ሙሉ ነው» እያለ ይምላል። የተጣበቀ ብቻ ከሆነ ካርቦን የሚያላቅቅ ፈሳሽ በካንዴላው ቀዳዳ አፍስሶ ማሳደር፣ ትርፉን አውጥቶ ዘይትና ፊልትሮ መቀየር አንዳንዴ ይመልሰዋል። የተበላን ብረት ግን ፈሳሽ አይመልስም።

«ጭስ አጥፊ» እየተባለ በጣሳ የሚሸጠውም ያው ዘይቱን ማወፈሪያ ነው፤ አያ ጅቦ ሳታመካኝ ብላኝ! ወፍራሙ 20W-50 ዘይት ለድሬ ሙቀትና ለድሮ ሞተር ባይከፋም፣ ቀጭኑን 5W-30 እንዲጠጣ ለተሠራ ቀጭን ቧንቧ ላለው ሞተር መድኃኒት አይደለም።

ሲል ከሆንክ ደስ ይበልህ፣ ቴስታታ ሳይነሣ ትባረራለህ። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ እንዲደርስ ተደርጎ በካንዴላው ቀዳዳ የአየር ግፊት ይሰጣል፣ ቫልቩ እንዳይወድቅ ይይዘዋል፤ ከዚያ ሞላው ተጨምቆ አሮጌው ሲል ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጎማው እንደ ከረመ ቂጣ እየተፈረፈረ ነው የሚወጣው። ቫልቩ በጋይዱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ከተወዛወዘ ግን አዲስ ሲል ለጥቂት ጊዜ ነው የሚያቆምህ። ሪንግ ከሆንክ ደግሞ «ሪንግ ብቻ ይቀየር» የሚለውን አትመን፤ ሲሊንደሩ ሞላላ መሆኑና ከላይ መስፋቱ ሳይለካ አዲስ ሪንግ ማስገባት ለአንተ ቤት ማደስ ነው። የሐረሮቹ ፔጆ 404 በዚህ ዕድለኛ ናቸው፤ ካሚቻቸው (የሲሊንደሩ የውስጥ እጅጌ) ተነቅሎ የሚወጣ ስለሆነ ከነፒስተኑ ይቀየራል፣ ሲሊንደር ለማስቦረሽ ቶርኖ ቤት ወረፋ የለም።

ግልባጭ፦
• ለአየር ማጣሪያው፦ ዳሩ ተሰንጥቆ የድሬን አቧራ ስላስገባህ የወንጀሉ ተባባሪ ነህ
• ለባለ ሁለት ምት ባጃጅ፦ ዘይት ከቤንዚን ጋር ስለምትጠጣ ጭስህ ሕጋዊ ነው፣ አትሸማቀቅ
• ለባለቤቱ፦ ዘንጓን አውጣ፣ ጥረግ፣ መልሰህ ክተት